ምልክት ያልተደረገበት ካፖርት

የላውንደሪዋን ባለቤት ሰፈሩ «እትዬ ካውያ» ይላታል። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው፤ ግማሹ ለምትተኩሰው ልብስ፣ ግማሹ ለምላሷ። ኑዛዜ የሚባል ነገር ሲነሳባት ግን ያ ምላስ ይተሳሰራል። «አታሟርቱብኝ» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ምን አላትና? ከአክስቷ የወረሰቻት ሱቅ፣ ሁለት ያረጁ ማጠቢያ ማሽኖች፣ ከሱቁ ጀርባ ሁለት ክፍሎች። ኑዛዜ የከበርቴ ጣጣ ነው፤ በቃ።

ጠበቃው ደንበኛዋ ግን ሸሚዙን ሊወስድ በመጣ ቁጥር ይነዘንዛታል። የሚነዘንዛት ስለ እንጀራ ልጇ ነው። ሹፌሩ ባሏ ሲሞት የተወላት ነገር ቢኖር፣ ያኔ ገና የወተት ጥርሷን ያልጨረሰች ይህችን ልጅ ብቻ ነው። እትዬ ካውያ እንደ ዓይኗ ብሌን አሳደገቻት። ዛሬ የሱቁ ቀኝ እጅ እሷ ናት። «በሕግ ግን ልጅሽ አይደለችም» ይላል ጠበቃው፤ «ሳትናዘዢ ብትሞቺ ሱቁ የወንድምሽ ነው። ነገር ሳይቃጠል በቅጠል ነው።»

እሷም ወንድሜን አታውቀውም ትለዋለች። እውነቷን ነው፣ ወንድሟ የሰው ነገር የማይነካ ደግ ሰው ነው። እሱ ልጅቷን ያስወጣታል ብሎ ማሰብ ራሱ ኃጢአት ነው።

ልጅቷ ይህን ሁሉ ከመጋረጃው ኋላ እየሰማች አንድ ቀን ትንፍሽ ብላ አታውቅም። አዲስ ማሽን እንግዛ ባለች ጊዜ እትዬ ካውያ «በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ?» አለቻት፤ ከዚያ ወዲህ ዝምታዋ ባሰ። ብዙም ሳይቆይ ሌላ ከተማ ያለ ሆቴል ለሥራ ጠራት። እስካሁን እሺም እምቢም አላለችም፤ እትዬ ካውያን ግን እንቅልፍ ነሥቷታል።

በሱቁ አንድ የማይሻር ሕግ አለ። ልብስ ከባለቤቱ እጅ እንደወጣ ቁጥር የተጻፈባት ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ይያያዝበታል። ይህን ሕግ ያወጣችው እትዬ ካውያ ናት፤ የሻረችውም እሷው። አንድ ጠዋት ከጠበቃው ጋር ስትከራከር ሁለት ጥቁር ካፖርቶችን ያለ ምልክት ተቀብላ ሰቀለች። አንዱ ደህና ነው፣ የሌላው ክርን ሳስቷል።

ሊወስዱ የመጡት የሰፈሩ ፀጉር አስተካካይና ጎረቤቱ የሆነ መምህር ነበሩ። ሁለቱም ደህናው የኔ ነው አሉ። ሁለቱም «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብለው ማሉ። ፀጉር አስተካካዩ ሰው የረሳውን ጃንጥላ ይዞ እስከ ቤቱ የሚከተል ሰው ነው፤ መምህሩም ቀልድ እንኳ ሲናገር እውነት መሆኑን የሚያጣራ። ስንት ዓመት ጉንጭ ለጉንጭ ሲሳሳሙ የኖሩ ጎረቤታሞች እንደ ባላንጣ ተፋጠጡ። ነገሩን የቋጨችው የፀጉር አስተካካዩ ሚስት ናት። መጥታ ክርኑ የሳሳውን ካፖርት አነሣችና ራሷ የተከለችውን ቁልፍ አሳየችው።

ሰውየው አንገቱን ደፋ። «አልዋሸሁም እኮ እትዬ» አለ፤ «የኔ መስሎኝ ነው።»

ያቺ ቃል ከእትዬ ካውያ ልብ ገባች። ሰው ክፉ መሆን አያስፈልገውም ለካ። ደጉ ወንድሟም ነገ እዚሁ ቆሞ፣ ልጅቷን ዓይን ዓይኗን እያየ፣ ይችኑ ቃል ሊናገር ይችላል። ጥፋቱም የሱ አይሆንም፤ ምልክት ሳታደርግ የሰቀለችው የሷ ነው። ደነገጠች፣ በራሷም ተናደደች።

በማግስቱ ጨርቄን ማቄን ሳትል ሱቁን ዘግታ ከጠበቃው ቢሮ ተገኘች። ከኑዛዜዋ ምስክሮች ሁለቱ ፀጉር አስተካካዩና መምህሩ ነበሩ፤ ካፖርት ካፖርታቸውን ለብሰው ጎን ለጎን ተቀመጡ፣ ሲወጡም አብረው ወጡ።

ልጅቷ ነገሩን ስትሰማ የያዘችው ሸሚዝ ከእጇ ወደቀ። «ምነው እትዬ፣ ሞትን በገዛ እጅሽ ትጠሪያለሽ?» አለች እያለቀሰች።

«ምልክት የተደረገበት ልብስ ሁሉ በማግስቱ ይወሰዳል እንዴ? ስንቱ ነው እዚህ ዓመት ከዓመት ተሰቅሎ የሚኖረው!»

ልጅቷ ከነእንባዋ ሳቀች። እትዬ ካውያም ሸሚዙን አንሥታ አራገፈችና «ይልቅ ያን ማሽን ስንት ይላሉ?» አለቻት፤ «አሁንማ ለማን እንደምገዛው ታውቋል።»

ልጅቷ መጀመሪያ ሆቴሉ ጋ ደወለች። ከዚያ ማሽን ሻጩ ጋ።