ጦም እንዲያድር የተከፈለበት መሬት

አባቴን ከወሎ ለማስመጣት የሆላንድ መንግሥት የጠየቀኝ ቋሚ ደመወዝ ነበር። ሥራዬ ከተቋረጠ የመኖሪያ ፈቃዳቸው አይታደስም፤ ይመለሳሉ። ዩሮ ገና አዲስ በሆነበት በዚያ ጊዜ ከዛንዳም ወዲያ ባለ እርሻ ላይ ተቀጥሬ ሽንኩርት እለቅም ነበር። ገበሬው ሲያስነጥስ እንኳ እኔን ሊያባርር የተዘጋጀ ይመስለኝና ልቤ ድው ይላል። ፈሪ ለናቱ ይባላል፤ እኔ ለአባቴ ሆንኩ።

አባባን የአምስተርዳም ፎቅ ቤት አፈናቸው። ገበሬውን ለምኜ አንዳንድ ቀን ይዣቸው መሄድ ጀመርኩ። እኔ ስሠራ እሳቸው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው የሰውየውን ማሳ ዳር ዳሩን ይዞራሉ። አንድ ቀን ከቦዩ ማዶ አረም የወረሰውን መሬት አይተው መጡ።

"ባለቤቱ ታሟል እንዴ?"

"ኧረ የእኛው ገበሬ ነው፤ ደህና ነው። እንዳያርሰው መንግሥት ይከፍለዋል። እህል በዝቶ ዋጋው እንዳይወድቅ።"

"ላለማረስ?" ከት ብለው ሳቁ። "መሬት ጦም እያሳደሩ ገንዘብ! አንቺ ልጅ፣ ዛሬ ደግሞ እኔ ላይ መቀለድ ጀመርሽ?"

እንደቀለድኩ ቆጠሩት። እኔም ሳላርማቸው ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ።

ባቄላ በሚያብብበት ወር፣ ገበሬው አንድ ጠዋት ውሻውን እንዳስር አዘዘኝ፤ የድጎማ ተቆጣጣሪው እየመጣ ነው። በዚያ ጦም ባደረው መሬት ላይ ሰብል ከተገኘ የሚከፈለው ድጎማ እንደሚቀርበት ሲያማርር ስንቴ ሰምቼዋለሁ። ለአባባ እየሳቅሁ ነገርኳቸው።

"ይኸው፣ ያልታረሰውን መሬት የሚያየው ሰውዬ መጣልዎ።"

ፊታቸው ተለወጠ። "ቆይ፣ የምርሽን ነበር እንዴ?"

"ምኑ?"

"ባቄላ ዘርቼበታለሁ።"

ሰፈራችን ካለው የቱርክ ሱቅ ለሾርባ የገዛሁት ባቄላ ለካስ በኪሳቸው እየተጓዘ ነበር! ሮጥኩ። ከቦዩ ማዶ፣ አረሙ ተነቅሎ፣ ባቄላው በመስመር ተሰልፎ አብቧል። ከመንገድ አይታይም፤ በእግሩ የሚሄድ ሰው ግን አይስተውም። ልነቅለው ጎንበስ ስል አባባ ከኋላዬ ደረሱ።

"ተይ! አበባ የያዘ እህል አይነቀልም፣ ነውር ነው!"

"አባባ፣ ያባርሩኛል! እርስዎንም ይመልሱዎታል!" ጮኼባቸው አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ጮኽኩ።

የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ። ተቆጣጣሪውና ገበሬው ቦዩን ተሻግረው እኛ ዘንድ ቆሙ። ተቆጣጣሪው ባቄላውን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገና ምን እንደሆነ ጠየቀ። ገበሬው ባቄላውን አየ፣ አባቴን አየ፣ እኔን አየ። አንገቱ እስከ ጆሮው ቀላ። አለቀልን ብዬ፣ እንደሚሞት ሰው፣ ሸሃዳዬን በልቤ ያዝኩ።

"ለአፈሩ ማዳበሪያ ነው" አለ ገበሬው። "ተገልብጦ ይቀበራል።"

"ካልተለቀመ ይቻላል" አለ ተቆጣጣሪው፣ ጻፈና ሄደ።

ገበሬው አልተቆጣኝም። "ዛሬውኑ" ብቻ ብሎ ትራክተሩን አስነሳ። ማረሻው ባቄላውን ከነአበባው እየገለበጠ ሲቀብር አባባ ከቦዩ ዳር ቆመው አዩ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ሁለት ወንድሞቼን በእጃቸው የቀበሩ ሰው ናቸው። ላናግራቸው ፈራሁ።

አውቶቡስ ውስጥ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

"አልሐምዱሊላህ አባባ፣ ተረፍን! ሥራዬ አለ፣ ፈቃድዎም ይታደሳል።"

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

"ልጄ፣ አገሬ ስደጂኝ።"

"ምነው? ገበሬው እኮ ምንም አላለንም!"

"ረሃብ የማያውቅ ሰው ፈራሁ" አሉ። "አንቺም ቀስ በቀስ እንደነሱ ትሆኚያለሽ። ሲቀብሩት ደስ ብሎሻል፤ ፊትሽን አይቻለሁ።"

ፈቃዳቸው ታድሶ ሲመጣ እሳቸው ወሎ ገብተው ነበር።