የጽጌ ቤት የመዝጊያ ሰዓት

ከአዳማ የተነሣሁት ለሽርሽር አይደለም። ታናሽ እህቴ ጽጌ ደውላ፣ «እታለም፣ አንቺ አፍ አለሽ፤ ነይና ተናገሪልኝ» ብላኝ ነው። ጽጌ በቆጂ ውስጥ ትንሽ ምግብና መጠጥ ቤት አላት፤ ከቤቱ ኋላ ጥቂት የእንግዳ ክፍሎች አሉ። በቆጂ የሯጮች አገር ናትና ፈረንጆች ከልጆቹ ጋር ሊሮጡ ይመጣሉ። ከተማዋ ታዲያ እንግዳ በሚያርፍባቸው ሰፈሮች የመጠጥ ቤቶች መዝጊያ ከምሽቱ አራት ሰዓት ወደ ስድስት ይራዘም ወይስ አይራዘም ብላ ነዋሪውን ለስብሰባ ጠርታለች። የጎረቤት ቃል ይሰማል ተብሏል። የጽጌ ጎረቤት ሐጂ ቃሲም ደግሞ ከወዲሁ አይሆንም ብለዋል።

«ካልተፈቀደልኝ ቤቱን ዘግቼ አዳማ እመጣለሁ» አለችኝ ጽጌ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ቤቱን ብቻዋን ነው የያዘችው፤ ገበያው ቀዝቅዞባታል፤ ተስፋዋን ሁሉ የጣለችው በምትጨመረው የሁለት ሰዓት ጊዜ ላይ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ ክርክር አለ ከተባልኩ የጉልበቴ ሕመም እንኳ ይተወኛል። ጋቢዬን አጣጥፌ ተነሣሁ።

ከአዳማ እስከ አሰላ

መናኸሪያ ስደርስ ፀሐይ ገና አልከረረችም። ታሪፉ ሌላ፣ ረዳቱ የሚጠይቀው ሌላ። ተጨቃጨቅኩና ተሸነፍኩ፤ በዚያ ላይ የሰጠኝ ቦታ ጎማው ላይ ነው፤ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ሄድኩ። እስከ ዴራ ያለው አገር ደረቅ ነው፤ ግራርና አቧራ፣ መንገድ ዳር የተደረደረ ከሰል፣ አስፋልቱን የአባታቸው ርስት ያደረጉ ፍየሎች። ሹፌሩ ጥሩምባውን ቢያስጮህም ፍየሎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩትም።

ከጎኔ የተቀመጡት ሰው ከኢተያ ወዲያ የሚያርሱ ገበሬ ነበሩ። ወዴት እንደምሄድና ለምን እንደምሄድ ጠይቀውኝ ነገርኳቸው፤ እኔ መቼም ተጠይቄ ዝም አልልም። እሳቸው ሙስሊም ስለሆኑ መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። የሚዘሩት ግን የቢራ ገብስ ነው፤ ብቅል ፋብሪካ ይረከባቸዋል፤ በእሱ ነው ልጆቻቸውን ያስተማሩት። እኔ ገርሞኝ ሳያቸው ፈገግ አሉና፣ «ገብሱ ምን አደረገ?» አሉኝ።

ከኢተያ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ነው፤ አየሩም ይለወጣል። ግራርና አቧራው ቀርቶ ግራ ቀኙ ስንዴ ሆነ። ጥቅምት ስለነበር አዝመራው ገና ቢጫና አረንጓዴ ተቀላቅሏል። አሰላ ስንገባ ጭላሎ ተራራ አናቱን በደመና ሸፍኖ ነበር። ሰው «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚለው ለካ አሰላ ላይ ቆሞ ነው እያልኩ፣ መናኸሪያው አጠገብ ገብቼ የአጥንት ጥብስ በላሁ። ጥቂት ጭኮም ገዛሁ፤ የአርሲ ገብስ ተቆልቶ ተፈጭቶ በቅቤ የታሸ፣ መንገደኛ የማይከዳ ምግብ ነው። ለጽጌ ብዬ የገዛሁትን ሳጉሬ ሳልደርስ ግማሹን ጨረስኩት። ሳጉሬ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ጎመንና ድንች በመስኮት እየገዛ ስላስገባ፣ የቀረውን መንገድ እግሬን ጥቅል ጎመን ላይ ጭኜ ጨረስኩ።

የሐጂ ቃሲም መልስ

በቆጂ ብርዷ ሰው ይነክሳል። ጽጌ ሻይ እንኳ ሳታስጨርሰኝ፣ «ሐጂ አሁን ቤት ናቸው፣ ሂጂ» አለችኝ። ሐጂ ቃሲም የእህል ነጋዴ ናቸው፤ ግቢያቸውን ከጽጌ ግቢ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። «አካም ጅርቱ» ብዬ ገባሁ። «ፈያዳ፣ ግቢ፣ ግቢ» ብለው ወንበር ሳቡልኝ። ኦሮምኛዬ ከዚያ ወዲያ ስለማይሄድ በአማርኛ ቀጠልን። ባለቤታቸው ትኩስ ወተት አቀረቡልኝ።

ንግግሬን ከዴራ ጀምሬ ነው ያዘጋጀሁት። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ እንዲሉ በምሳሌ ልጀምር አልኩና፣ ለሐጂ ብርሌ ማንሣት ስላልመሰለኝ ምሳሌዋን ዋጥኳት። ስለ መቻቻል አወራሁ። የጽጌ ሰርግ ጊዜ ለሙስሊሙ እንግዳ ለብቻ ድንኳን ሲተከል፣ በሬውን አርደው ምግቡን በራሳቸው ቤት ሰዎች ያሠሩት ሐጂ ራሳቸው እንደነበሩ አስታወስኳቸው። ያኔ በአንድ ግቢ ጠጁ ለጠጪው፣ ለስላሳው ለማይጠጣው ቀርቦ ማንም ማንን አልነካም፤ ዛሬስ ሃይማኖት ለምን ይለያየናል አልኩ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ብዬ ጨረስኩ። ተማሪዎቼ ቢሰሙኝ ያጨበጭቡልኝ ነበር።

ሐጂ እስክጨርስ ድረስ ጠበቁኝ። «መምህርት፣ ነገርሽ ያምራል። ግን ስለ ሃይማኖት ማን አነሣብሽ? የመጠጡን ነገር ፈጣሪዋ ይጠይቃት። እኔ የምጠይቃት እንቅልፍ ነው።»

ከዚያ ነገሩን አስረዱኝ። ልጃቸው ራህማ ሯጭ ናት። ከግቢያቸው ኋላ ያሉትን ክፍሎችም ከገጠር ለመጡ ሯጮች ነው ያከራዩት። ልጆቹ ማታ ሁለት ሰዓት ይተኛሉ፤ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ጫማቸውን አስረው መንገድ ላይ ናቸው። የጽጌ ሙዚቃ እስከ አራት ሰዓት ሲያንኳኳባቸው በጉርብትና ችለውታል፤ እስከ ስድስት ከሆነ ግን ልጆቹ መቼ ሊተኙ ነው? ራህማ ደግሞ በዚህ ወር አሰላ ላይ ማጣሪያ ሩጫ አለባት፤ ካለፈች ክለብ ትገባለች፣ ካላለፈች ሌላ ዓመት መጠበቅ ነው። ይህን ሲሉ ድምፃቸውን ከፍ እንኳ አላደረጉም።

በእፍረትም በንዴትም ጆሮዬ ጋለ። እኔና እህቴ ሰውዬውን አንድ ቃል ሳንጠይቅ፣ ሙስሊም ስለሆኑ መጠጥ ጠልተው ነው ብለን ፈርደን ጨርሰን ነበር። ከሙስሊም ጎረቤት ጋር ያደግሁ፣ የሰርግ ደስታ አብሬ የተካፈልኩ ሰው ነኝ እኮ! ተመልሼ ለጽጌ ስነግራት ሰበብ ነው አለች። አይደለም አልኳት። ተኳረፍን።

ፈረንጆቹ የተኙበት ሰዓት

እንደመሸ ሁለቱ እንግዶቿ ገቡ፤ ከሆላንድ የመጡ ባልና ሚስት ናቸው። ጥብስ አዘዙ፣ አንድ ቢራ ለሁለት ተካፈሉ፣ ከዚያ ጽጌን አንድ ነገር ጠየቋት። በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ መለሰችላቸው፤ ቅር አላቸው። ምን አሉሽ አልኳት። ሊነጋጋ ሲል ከሯጮቹ ጋር ስለሚወጡ ትኩስ ነገር ይገኝ እንደሆነ ነው የጠየቁት። ለካ የከተማዋ ደንብ የመጠጥ ፈቃድ ያለው ቤት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት በር እንዲከፍት አይፈቅድም፤ ሻይም ቢሆን።

ቀጥሎ ሙዚቃውን ትንሽ እንድትቀንስላቸው ለመኗትና ደህና እደሪ ብለው ወደ ክፍላቸው ሄዱ። ገና ሁለት ሰዓት ነበር። የቀሩት አራት የከተማው ሰዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ጨምሪው ይላሉ።

«ጽጌ» አልኳት፣ «እስከ ስድስት ሰዓት ልታቆዪአቸው የፈለግሽ ቱሪስቶች የታሉ?»

ብርጭቆ እያደረቀች ነበር። አስቀመጠችውና፣ «ተኝተዋል» አለች። ሳቄ አመለጠኝ፤ እሷ ግን አልሳቀችም። ሄዳ ሙዚቃውን ቀነሰችው። ሰዎቹ ሂሳባቸውን ከፍለው ሌላ ቤት ሄዱ፤ የጽጌ ፊት ጠቆረ። እኔም ያን ጊዜ በጣም አሳዘነችኝ፤ እውነት ነገርኳት ብዬ የዕለት ገበያዋን ያባረርኩባት መሰለኝ።

ጠዋት የነቃሁት በእግር ኮቴ ነው። ጋቢዬን ተከናንቤ ስወጣ ጽጌ ቀድማኝ በራፉ ላይ ቆማለች። ሣሩ ላይ አመዳይ ተጋግሯል። ሯጮቹ አፋቸው እየጨሰ በፊታችን አለፉ፤ ራህማም ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አስራ ከመካከላቸው ነበረች፤ እጇን አንሥታ ሰላም አለችን። ሆላንዶቹ አጥሩ ሥር ቆመው የደረቀ ብስኩት ሲያኝኩ ቆይተው ተከተሏቸው። ሯጮቹ ከአንድ ሰዓት በላይ ሮጠው ሲመለሱ የሚገቡበት ቤት አልነበረም፤ ሁሉም በየፊናው ተበተነ። ጽጌ እስከ መጨረሻው ቆማ ታያቸው ነበር።

ስብሰባው

ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ሞላ። የመድረኩ ሰው የንግድ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ነው፤ ጨዋ ወጣት፣ እጁ ላይ ማይክ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እያፈራረቀ ያስረዳል። በአስፋልቱ በኩል ያሉት ባለሆቴሎች መራዘሙን ደገፉ። እንግዳው ከሌላ ከተማ ጋር እያወዳደረን ይሄዳል አሉ፤ እውነትም አላቸው። አንዲት እናት ተነሥተው ባላቸው በስድስት ሰዓት ሰክሮ ቢገባ በሩን ማን እንደሚከፍትለት ጠየቁ። ሐጂ ቃሲምም ተነሥተው ለእኔ የነገሩኝን በአጭሩ ተናገሩ።

ተራው የጽጌ ሆነ። በክርኔ ነካ አደረግኳት፤ እኔ ልናገርልሽ ማለቴ ነው። እጄን ገፋ አድርጋ ተነሣች።

«እኔ የማታውን ትቼዋለሁ» አለች። «የኔ እንግዶች ማታ ይተኛሉ። ሲነጋ ነው ተርበው የሚወጡት። በሩን ሊነጋጋ ሲል ልክፈት፤ እስከ እኩለ ቀን ቢራ አልሸጥም። የአጃ ሾርባ፣ በሶ፣ ሻይ፣ ዳቦ።»

እኔ ተናጋሪዋ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከኋላ አንዱ ካቲካላውን በጠዋት ልትቀዳልን ነው ሲል አዳራሹ ሳቀ። ኃላፊው ግራ ገባው፤ መጠጥ ቤት ማልዶ ይከፈት ያለ ሰው ገጥሞት አያውቅም፤ ደንቡም የወጣው ሰው በጠዋት ሰክሮ እንዳይውል ነው፤ ታዲያ ሾርባ ብቻ መሸጧን ማን ያረጋግጣል አለ። ጽጌ ወደ ሕዝቡ ዞረች።

ሐጂ ቃሲም ተነሡ። ይህች አገር ላይ ሽማግሌ በሰው ፊት ዋስ ነኝ ካለ ቀልድ የለም፤ ጥፋት ቢገኝ ስሙም ክብሩም አብሮ ይጠየቃል።

«ዋሷ እኔ ነኝ» አሉ። «አጥራችን አንድ ነው። ከእኩለ ቀን በፊት ጠርሙስ ከተከፈተ ድምፁን እሰማለሁ፤ መጥቼ የምከሳትም እኔው ነኝ።»

አሁን የተሳቀው ሳቅ ሌላ ነበር። ብዙ ተባለና በመጨረሻ ውሳኔ ተነበበ። ከመኖሪያ ቤት ርቀው ከከተማዋ መውጫ ላይ ያሉት ሆቴሎች እስከ ስድስት ሰዓት ይሞክሩት ተባለ። የጽጌ ሰፈር መዝጊያ በአራት ሰዓት ይጸናል። እሷ ግን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት መክፈት ትችላለች፤ አልኮል እስከ እኩለ ቀን ክልክል ነው። ስንወጣ ጽጌ ሐጂን ልታመሰግን ጎንበስ አለች። «አብሽሪ» አሏት፤ «ሾርባውን ወፈር አድርጊው።»

መልስ

በማግስቱ በመጣሁበት መንገድ ተመለስኩ፤ ዳገቱ ቁልቁለት፣ ብርዱ ሙቀት እየሆነ። ጋቢዬን ኢተያ ላይ፣ ሹራቤን ዴራ ላይ አወለቅሁ፤ አዳማ ስገባ ላብ በላብ ነበርኩ። የቤቴን በር ስከፍት ያሰብኩት አንድ ነገር ነው፦ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ሲናገር ስሕተቱን ሳርም ኖሬ፣ ጎረቤት ሲናገር ማዳመጥን በቆጂ ላይ ተማርኩ። ሰዓት ይራዘም፣ ይጠር ብለን ከመሟገታችን በፊት በዚያ ሰዓት ማን እንደሚተኛና ማን እንደሚራብ መጠየቅ ነበረብን። ዘግይቶም ቢሆን ደስ ብሎኛል።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጽጌ በጠዋቱ ደወለች። ከኋላዋ የሰው ድምፅና የብርጭቆ ኳኳታ ይሰማል።

«እታለም፣ ሐጂ ዛሬ ገቡ» አለችኝ።

ቤቱ መጠጥ ቤት ከሆነ ጀምሮ ሐጂ ቃሲም ደጃፉን ረግጠው አያውቁም፤ ሲፈልጓት በአጥሩ ነው የሚጠሯት። ዛሬ ራህማ ለማጣሪያው ከምትሠራው ልምምድ ተመልሳ ከጓደኞቿ ጋር ስትገባ ተከትለዋት ገብተው ተቀመጡ።

«ምን አሉ?»

«ምንም። ሾርባውን ጠጡና ‹ድገሚኝ› አሉ።»

ነገር ልፈልጋት ብዬ አዳማ መቼ ጠቅልለሽ ትመጪያለሽ አልኳት።

«ለፋሲካ ብቅ እላለሁ» አለች፤ «ያውም ጠዋት ቤቱን የሚይዝልኝ ሰው ካገኘሁ። በይ ቻው፣ ሰው ቆሞብኛል።»