ከኋላ በወረቀት ውፍረት

የተቃጠለ እንጨት ሽታ የአናጢነት ሽታ ይመስለኝ ነበር። ጉብሬ ባለው ግቢዬ፣ ከቆርቆሮው ጥላ ስር መጋዙን ባስነሳሁ ቁጥር ጭስ ይወጣል፣ የጣውላው ጠርዝ ይጠቁራል፣ እኔም ጥቁሩን በብርጭቆ ወረቀት ስፈትግ እውላለሁ። ሥራው እንዲህ ነው ብዬ ተቀብዬው ነበር። ሰው የማያውቀውን ነገር ምን ብሎ ይጠረጥራል?

ማሽኑ የጠረጴዛ መጋዝ ነው። ብረት በያጅ የሠራው ጠረጴዛ፣ ከስር በቺንጋ የሚያዞረው ሞተር፣ ከላይ በስንጥቁ ብቅ ያለ ክብ መጋዝ፤ በቃ ይኸው ነው። ዕቁብ ሲደርሳት ሌላዋ ሴት ፍሪጅ ትገዛለች፣ እኔ እሱን ገዛሁ። እዚሁ ጉብሬ ያለው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ትንንሽ የመጽሐፍ መደርደሪያ ይፈልጋሉ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ሰው የሠራውን አምጥቼ መሸጥ ሰልችቶኝ ነበር። ራሴ ልሥራው አልኩ። ለነገሩ መዶሻ እንኳ በወጉ ይዤ አላውቅም።

ወልቂጤ ትልቅ የእንጨት ሥራ ቤት ያለው የአጎቴ ልጅ አለ። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ ጋሼ ነው የምለው፤ አንድ ግቢ ነው ያደግነው። በመስቀል ሁሉም ሰው አገር ቤት ገብቶ፣ ክትፎው ቀርቦ፣ ዘመድ በሙሉ ተሰብስቦ ሳለ እናቴ ብድግ አለችና "ይህችን ልጅ ሙያህን አስተምርልኝ" አለችው። በመስቀል፣ በዘመድ ፊት፣ ያውም እናቴን የምታህል ሴት ቆማ ስትለምን እኛ ዘንድ እምቢ አይባልም። "ለእሷ ያልሆነ ሙያ ለማን ሊሆን ነው?" አለ። እናቴ መረቀችው። እኔ ሞኟ ደግሞ እንባዬ መጣ።

አስተማረኝም፣ አልክድም። ጉብሬ ድረስ እየመጣ ነው ያስተማረኝ። "መጀመሪያ ሶኬቱን ንቀይ፣ ከዚያ ነው እጅሽን ወደ መጋዙ የምትልኪው" አለኝ። ነጠላ ለብሰሽ አጠገቡ እንዳትደርሺ፣ ፀጉርሽን እሰሪ፣ መጋዙ ከጣውላው በላይ ከአንድ ጥርስ በላይ አይውጣ አለኝ። ከመጋዙ ትይዩ አትቁሚ፣ ወደ ጎን ሁኚ፣ እንጨቱ ከተተፋ ሆድሽን ያገኘዋል አለኝ። የጣውላውን መጨረሻ በእጄ እንዳልገፋው ጫፉ የተቆረጠ መግፊያ እንጨት በገዛ እጁ ሠርቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለልኝ። ሁሉም እውነት ነበር። ውሸቱን በዚያ ሁሉ እውነት መሃል ነው የሸጎጠልኝ።

ጣውላው እየተደገፈ የሚሄድበት አንድ ቀጥ ያለ ብረት አለ፤ ከመጋዙ ጎን ለጎን ነው የሚታሰረው። ጋሼ ቀጭን እንጨት እየለካ አሳየኝ፦ ከመጋዙ የፊት ጥርስ እስከ ብረቱ፣ ከዚያ ከኋላ ጥርሱ እስከ ብረቱ። "ኋላው በወረቀት ውፍረት ጠበብ ይበል" አለኝ። "እንጨቱ እንዳይሸሽሽ ይይዝልሻል።" ምክንያቱ እንኳ ያምራል። ስልክሽ ላይ ገብተሽ ማየት አቅቶሽ ነው ወይ የምትሉኝ አትጠፉም። ጋሼ እያለልኝ ምን ቸገረኝና?

እንደተባልኩት አጠበብኩ። ጭሱም፣ የሞተሩ ማቃሰትም፣ የጠቆረው ጠርዝም ከእኔ አለመቻል መሰለኝ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ የዋንዛ ጣውላ ኋላ ላይ ተያዘና ተነስቶ ተመልሶ መጣ። ወደ ጎን ስለቆምኩ ሆዴን ሳተኝ፤ ግራ እጄን ግን ይዞ ወደ መጋዙ ጎተተው። ሁለት ጣቶቼ ዛሬም አይታጠፉም።

ሆስፒታል መጀመሪያ የደረሰው ማን መሰላችሁ? እሱ ነው። ሙዝ ይዞ መጣ፣ አለቀሰ። ለእናቴም "ይህ ማሽን ለሴት አይሆንም፣ ምን ላድርግ፣ ቃልሽን ማጠፍ አልቻልኩም" አላት። እኔ ታዲያ በሐፍረት ተሸፋፍኜ "ጋሼ ምንም አላጠፋም፣ ያላስተዋልኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ይህን እየሰማ ነው ሙዙን ልጦ ያጎረሰኝ። በአንድ እጅ መላጥ አልቻልኩም ነበርና።

ቁስሉ ሲደርቅ ወደ ማሽኑ ተመለስኩ፤ ግትር ነኝ። እየፈራሁ፣ የኋላውን ልኬት ከበፊቱ ይበልጥ እየተጠነቀቅኩ ማጥበቤን ቀጠልኩ። ከእንግዲህስ አልሳሳትም ብዬ።

አንድ ቀን ቺንጋው ተበጠሰብኝ። የተማሪዎቹ መደርደሪያ ማስረከቢያ ቀን ስለደረሰ ጣውላዬን ሚኒባስ ላይ አስጭኜ ወልቂጤ ሄድኩ። ጋሼ ቁምሳጥን ሊገጥም ወጥቶ ነበር። ስደውልለት "ግቢና ቁረጪ፣ ቤትሽ አይደል" አለኝ። ሥራ ቤቱ ውስጥ የቆየ ሠራተኛው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ፣ በር እየላገ ነበር። ሰላም ተባብለን ወደ መጋዙ ሄድኩ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ጋሼ እንዳስተማረኝ ፊቱንም ኋላውንም ለካሁ። ኋላው ሰፊ ነው። እንደገና ለካሁ፣ ሰፊ ነው። ደነገጥኩ፤ ይህ ሰው ሳያየው እጁን ሊያጣ ነው አልኩ። ቁልፍ አንስቼ ኋላውን ላጥብብለት ቡሎኑን መፍታት ጀመርኩ። ልብ በሉልኝ፣ ውለታ ልውልለት ነው።

"እህቴ፣ እሱን ተዪው" አለኝ ሠራተኛው።

"ኋላው ተከፍቷል እኮ፣ ላጥብብለት ነው።"

መላጊያውን አስቀምጦ መጣ። "ሆነ ተብሎ ነው የተከፈተው፣ በወረቀት ውፍረት። ከኋላ ከጠበበ እንጨቱ መጋዙና ብረቱ መሃል ይታነቃል። የኋላ ጥርስ ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚወጣው፣ አንስቶ ይተፋዋል። ጋሼ ለሁላችንም መጀመሪያ የሚነግሩን ይህን ነው። አንቺን የት ነው ያስተማሩሽ?"

ክው አልኩ። "እዚሁ" አልኩት።

ሰውዬው ጣቶቼን አየ፣ ከዚያ ወደሚልገው በር ተመለሰ። መላጊያውን ግን አላነሳም። ጋሼ እስኪመጣ ጣውላዬ ላይ ተቀምጬ ቁልፉን እንደያዝኩ ቆየሁ።

መጣና "አልቆረጥሽም እንዴ?" አለኝ።

"ጋሼ፣ ያንተ መጋዝ ከኋላ ክፍት ነው።"

ሳቅ አለ መጀመሪያ። ሠራተኛውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሳቁን ተወው። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ።

"ትተዪዋለሽ ብዬ ነው" አለ።

"ምኑን?"

"ሥራውን። እንጨቱ እየተቃጠለ ሲያስቸግርሽ ይሰለችሽና ትተዪዋለሽ ብዬ ነው። ግማሹ ደንበኛዬ እዚያው ጉብሬ ነው። እጅሽን ያገኘዋል ብዬ ግን አላሰብኩም፣ እናቴ ትሙት።"

ሠራተኛው የሚያውቀውን እሱ አላሰበውም። ከመጋዙ ትይዩ እንዳልቆም ያስተማረኝ ሰው ማለት ነው።

"እምቢ ብትል ምን ነበረበት?" አልኩት።

"በመስቀል? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት?" አለኝ፤ የምሩን ነው፣ አሁንም መልስ የጠበቀ ይመስል ነበር። አፉ እምቢ ማለት አፍሮ በብረቱ እምቢ ብሎኛል። እኔ ደግሞ ለዚያ እምቢታ አመስግኜዋለሁ፣ ጠበቃም ቆሜለታለሁ።

ጣውላዬን አንስቼ ስወጣ እስከ በሩ ተከተለኝ። "የፈለግሽውን በይኝ። ለእናትሽ ግን አትንገሪያት፣ ትሞታለች" አለኝ።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። ሚኒባስ ውስጥ ያን ስደጋግም ሰው ሳያየኝ አልቀረም። ቺንጋ እንኳ መግዛቴን ያወቅኩት ቤት ደርሼ ቦርሳዬን ስከፍት ነው።

እናቴ በረንዳው ላይ ጎመን ትከትፋለች። ቺንጋውን አስገባሁ፣ መደገፊያው ብረት ላይ ያለውን ቡሎን ፈታሁ። በማይታጠፉ ጣቶች ቁልፍ መያዝ ሥራ ነው፣ እንደምንም ያዝኩት። ኋላውን በወረቀት ውፍረት ከፈት አደረግኩና አጠበቅኩ። ሶኬቱን ሰካሁ። ወደ ጎን ቆሜ፣ እሱ በሠራልኝ መግፊያ የዋንዛውን ጣውላ ገፋሁት።

ሄደ። ሞተሩ አላቃሰተም፣ ጭስ የለም። የተቆረጠውን ጠርዝ አንስቼ አየሁት፣ አልጠቆረም። አሸተትኩት፣ ዋንዛ ዋንዛ ይላል። በዚያ ማሽን ላይ የዋንዛን ሽታ ሳሸት የመጀመሪያዬ ነበር። የተናደድኩት ያኔ ነው። ወልቂጤ ደንግጬ ነበር እንጂ አልተናደድኩም። አንድ ቡሎን ነበር። ያ ሁሉ ፍተጋ፣ ያ ሁሉ ራሴን መስደብ፣ እነዚህ ሁለት ጣቶች፣ አንድ ቡሎን። እንባዬ በመጋዝ ብናኙ ላይ ወረደና ፊቴን ጠረግኩ።

"ዛሬስ አልጨሰም" አለች እናቴ ከበረንዳው። "እጅሽ ለመደ ማለት ነው። ያስተማረሽን ልጅ እግዜር ይስጠው።"

ትሞታለች ያለኝ ትዝ አለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ላልፈው ነበር፣ አፌ ግን እሺ አላለኝም።

"እጄ አልለመደም፣ እማዬ። ያኔም ደህና ነበር።"

ቢላዋዋን ጎመኑ ላይ አስቀመጠች። "ታዲያ ጣቶችሽን ምን ነካቸው?"

ማሽኑን አጠፋሁ፣ ሶኬቱን ነቀልኩ፣ በርጩማ ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከዚያ መስቀል፣ ብድግ ብላ ከለመነችበት ጀምሬ ነገርኳት።