ብልጭ ድርግም የሚለው መነጽር

አሁን በምሠራበት ቢሮ ጣሪያ ላይ ያለው ረጅም የፍሎረሰንት አምፖል ጠዋት ሲያበሩት ወዲያው አይበራም፤ መጀመሪያ ጢቅ ጢቅ ይላል፣ ከዚያ ጠርሙስ ውስጥ እንደ ገባች ንብ ጢዝ እያለ ይንቀጠቀጥና እንደ ምንም ወገግ ይላል። የሥራ ባልደረቦቼ ድምፁ መኖሩንም አያውቁም። እኔ ግን በሰማሁት ቁጥር ደብረ ማርቆስ ቤታችን ሳሎን ውስጥ፣ ቆርቆሮውን ዝናብ እየደበደበው፣ አፍንጫ ላይ የሚከብድ ጥቁር መነጽር አድርጌ ቁጭ ያልኩ ይመስለኛል፤ ወንድሜም ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «ሰብለ፣ አምፖሉን አጥፊው ብዬሻለሁ» ይለኛል።

ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ተፈትኖ ውጤት የሚጠብቅበት፣ እኔም ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከእሱ ሥር የማልጠፋበት ክረምት ነበር። አዲስ አበባ የኮምፒውተር ዕቃ የሚሸጠው አጎታችን፣ አንድ ደንበኛ «ዓይኔን አመመኝ» ብሎ የመለሰበትን ኮምፒውተር ከነመነጽሩ በአውቶቡስ ጭኖ ላከለት። ሙሉቀን ደጋግሞ እንዳስረዳኝ ከሆነ መነጽሩ ተራ መነጽር አልነበረም። ስክሪኑ አንዴ ለግራ ዓይን፣ አንዴ ለቀኝ ዓይን የሚሆን ሥዕል እያፈራረቀ ያሳያል፣ መነጽሩም ከስክሪኑ ሥር ከምትቀመጥ ትንሽ ሳጥን በማይታይ ብርሃን ትእዛዝ እየተቀበለ አንዱን መስታወት ሲከፍት ሌላውን ያጨልማል፣ ይህ ሁሉ ከዓይን ጥቅሻ ፈጥኖ ስለሚሆንም ሁለቱ ሥዕሎች ተጋጥመው የኮምፒውተር ጌሙ መኪና ከስክሪኑ ወጥቶ ጉልበት ላይ ሊያርፍ ይደርሳል። መሆን የነበረበት እንዲህ ነው። እኛ ቤት ግን መነጽሩን ያደረገ ሁሉ የሚያየው ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ብቻ ነበር።

ሙሉቀን ክረምቱን በሙሉ ከዚህ መነጽር ጋር ሲታገል ከረመ። መጀመሪያ የጠረጠረው ባትሪውን ስለነበር ቀኑን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ሞከረው፣ ለውጥ አላየም። ቀጥሎ አንድ ቀን መብራት ሲመለስ፣ ስክሪኑ ብቻ ሳይሆን ግድግዳውም ወንበሩም የእኔ ፊትም አብሮ እንደሚርገበገብ አስተዋለና ጥፋተኛው የሳሎኑ የፍሎረሰንት አምፖል መሆኑን ደረሰበት፤ አምፖሉና መነጽሩ ሁለቱም ቶሎ ቶሎ ስለሚርገበገቡ እርስ በርስ አይግባቡም አለኝ። ከዚያ በኋላ ጌም በተከፈተ ቁጥር አምፖሉን ማጥፋት የእኔ ሥራ ሆነ። ከመስኮቱ የሚገባው ፀሐይ ትንሿን ሳጥን እንዳያደናግራትም የእናቴን ነጠላ በመጋረጃ ላይ ደርቦ ሰቀለ። በመጨረሻ ስክሪኑ ሥዕሎቹን የሚያፈራርቅበት ፍጥነት ሳይታወቅ ወደ ግማሽ ወርዶ እንደነበር አግኝቶ ከፍ ሲያደርገው አብዛኛው መርገብገብ ቆመ። አብዛኛው እንጂ ሁሉም አልነበረም፤ አሁንም አንድ ነገር በአንድ ወገን ጥቅስ ጥቅስ ይል ነበር።

በዚያን ጊዜ ነው አባቴ የተጠራው። አባቴ ይበልጣል ከደብረ ማርቆስ አማኑኤል ከተማ የሚመላለስ ሚኒባስ ነበረው፤ ራሱ ይነዳው ነበር። ማታ ሲገባ ከሙሉቀን ኋላ ቆሞ የጌሙን መኪና አነዳድ መተቸት ይወድ ነበር። «እንዲህ ታጥፎ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው?» ይላል፣ ሙሉቀንም ይስቃል። ያን ዕለት መነጽሩን አድርጎ ስክሪኑን አየና «የቱ ነው የሚርገበገበው? ለእኔ ጥርት ብሎ ይታየኛል። እናንተን ነው ዓይናችሁን አንድ ነገር የያዛችሁ» አለን።

ነገሩ ቀልድ ነበር፤ እናቴ ግን ቀልድ አድርጋ አልሰማችውም። እናቴ የአንደኛ ደረጃ የሳይንስ መምህርት ነበረች፤ ክፍል ውስጥ ብርሃን እንዴት እንደሚጓዝ ታስተምራለች፣ ከክፍል ስትወጣ ግን የሰው ዓይን አብዝታ ትፈራለች። መስከረም ከጠባ ጀምሮ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ «ስሪዲ መነጽር እንይ» እያለ ሳሎናችንን ሞልቶት ስለነበር ዓይነ ጥላ የገባው በዚያ በኩል ነው ብላ ደመደመች። ማስረጃዋም ጠንካራ ነበር፤ እኔ፣ ሙሉቀንና እሷ ራሷ ሲርገበገብ እናያለን፣ ከሥራ ገብቶ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያየው አባታችን ግን ምንም አልነካውም።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው ጠበል መሄድ ጀመርን። የሚያደርሰን አባቴ ነበር። ሜዳው በአደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ ጭጋጉ ገና ከመሬት ሳይነሳ ሦስታችን ተራ በተራ እየቀረብን ውርጭ የመሰለውን ጠበል ዓይናችን ላይ እናስረጭ ነበር፣ እኔም ሙሉቀንም ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ወደ መኪናው ስንሮጥ አባቴ መሪው ላይ ተደግፎ ሲጠብቀን እናገኘዋለን። እሱን ግባ ያለው የለም። ጤነኛ ዓይን ያለው እሱ ነበርና።

ጥቅምት ላይ ሙሉቀን ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ደርሶት፣ ከቤት እየተመላለሰ ሊማር ሆነ። አንድ እሑድ ከሰዓት አምፖሉን አጥፍቼ እንደተቀመጥኩ፣ እስከዚያ ቀን ለምን እንዳላሰበው የማላውቀውን ቀላል ነገር አሰበ። አንድ ዓይኔን እንድጨፍን አዘዘኝ። ግራዬን ጨፍኜ በቀኜ ሳይ ምንም አይርገበገብም፤ ቀኜን ጨፍኜ በግራዬ ሳይ ግን ጥቅስ ጥቅስ ይላል። ቀጥሎ መነጽሩን ገልብጦ የታቹን ወደ ላይ አድርጎ አፍንጫዬ ላይ ሰካው፣ የግራው መስታወት ወደ ቀኝ ዓይኔ መጣ፣ መርገብገቡም አብሮት መጣ። «በቃ፣ የተበላሸው የግራው መስታወት ነው» አለና ተነስቶ ጨፈረ። እናቴ በተራዋ ሞክራ «ታዲያ ያ ሁሉ ጠበል?» አለች፣ መልሳም «ጠበል መጠመቅ ጉዳት የለውም» ብላ ራሷን አጽናናች።

አባቴ ከደጅ ሲገባ እየሳቅን ነበር፤ ሙሉቀንም የተገለበጠውን መነጽር አደረገለት። አባቴ ትንሽ አየና «አበላሻችሁት እኮ። አሁንማ ሁሉም ነገር ይርገበገባል» አለ። ሙሉቀን አቅንቶ ሲያደርግለት ደግሞ «እንዲህ ነዋ! ደህና የነበረውን ነገር ምን አስነካችሁ?» አለን።

አብረን ሳቅን። መጀመሪያ መሳቁን ያቆመው ሙሉቀን ነው። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አባዬ፣ እስቲ ቀኝ ዓይንህን በእጅህ ሸፍነህ እየው» አለው። አባቴ መነጽሩን ቀስ ብሎ አወለቀ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ «ጎማውን ልየው» ብሎም ወጣ። ከደጅ ሲገባ ግን ጎማውን አይቶ ነበር የመጣው።

ከጓሮ፣ ከጌሾው ሥር፣ ሙሉቀን «አባዬ በግራው አያይም» ሲለኝ እንዳልገባኝ ለመምሰል ሞከርኩ፤ ግን ገብቶኝ ነበር። የሹፌር ወንበር ያለው በግራ ነው፤ ከፊት የሚመጣው አይሱዙ የሚያልፈው በግራ ነው። ለእናቴ እንንገራት ስለው እሷ ካወቀች ሰፈሩ ይሰማል አለኝ፤ ለራሱ ለአባቴ መንገር ደግሞ የማይታሰብ ነበር፣ ምክንያቱም በእኛ ዘንድ ልጅ አባቱን ጉድለትህ ይህ ነው ብሎ ፊት ለፊት አይናገርም፣ አስታራቂ ይልካል እንጂ። አባት ለልጁ ሽማግሌ ሲልክ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ልጆች ለአባታቸው ሲልኩ ግን እኛ የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም።

የላክነው የንስሐ አባታችንን መምሬ አያሌውን ነበር። ዲማ ገዳም ቅኔ የተማሩ፣ ነገር ማዞር የሚወዱ፣ ሲቆጡ ግን በቀጥታ የሚናገሩ ቄስ ነበሩ። ሙሉቀን ሁሉንም ሲነግራቸው ሰሙና «የነቢያት ጾም ሳይገባ እመጣለሁ» አሉ። እሳቸው እስኪመጡ ያለፉትን ቀኖች አልረሳቸውም። አባቴ ጎህ ሲቀድ ሚኒባሱን ሲያስነሳ እነቃለሁ፣ ድምፁ በአስፋልቱ እየራቀ እስኪጠፋ አዳምጣለሁ፣ ማታ በሩ ላይ ክላክስ እስኪያደርግም ደብተሬን ከፍቼ አንድ ፊደል አላነብም ነበር። እንዲያ ፈርቼ አላውቅም።

ኅዳር ገብቶ የጤፉ ማሳ ሲያሽት መምሬ አያሌው አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። መስቀላቸውን ተሳለምን፣ እናቴ ጠላ ቀዳች። መነጽሩን አምጡ ብለው ከጥምጥማቸው ሥር አድርገው ሲያዩ እናቴ ፊቷን አዙራ ሳቀች። እኛ ልንወጣ ስንል ግን «ልጆቹ ይቀመጡ፣ የላኩኝ እነሱ ናቸው» አሉ። ወለሉ ቢሰነጠቅ ደስ ባለኝ።

«ይበልጣል» አሉ፣ «ነገ ባለቤቴ አማኑኤል ዘመድ ለመጠየቅ ትሄዳለች። ባንተ መኪና ትሳፈር?»

«ምን ችግር አለ አባቴ፣ ከፊት ወንበር…» ብሎ ጀመረና አባቴ አቆመው። እሱም እኛን አየ፣ መነጽሩን አየ፣ ጠላውን አየ።

«መልስልኝ እንጂ» አሉት። «ትሳፈር?»

አባቴ «አትሳፈር» አለ።

እናቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች «ምንድን ነው የምትባባሉት?» አለች። አባቴም እሷን ሳያይ ነገራት። ካቻምና ጢሙን ሲላጭ ሳሙና ቀኝ ዓይኑ ውስጥ ገብቶ ሲጨፍነው በግራው ምንም እንደማያይ ማወቁን፣ ዛሬ ይሻለዋል ነገ ይሻለዋል ሲል መክረሙን፣ በኋላም አንገቱን እያዞረ መንዳት መልመዱን ተናገረ። «ቀኙ ለሁለቱም ይበቃል አልኩ» አለ። «ነጂ ካልሆንኩ ምን እሆናለሁ?»

መምሬ አያሌው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉት፣ ድምፃቸው ግን የቁጣ አልነበረም።

እናቴ አልጮኸችም። «እኛ ጤነኞቹ ስንጠመቅ» አለች፣ «መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለህ ታየን ነበር።» አባቴ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው፣ እጁ ግን ከቁልፉ ላይ ቶሎ አልተነሳም።

ሐኪም ቤት የግራው ዓይን ነርቭ ሞቷል፣ አይመለስም ተባለ፤ በሽታው በቀኙም ጀምሮ ነበር፣ ሆኖም በየቀኑ በሚደረግ ጠብታ ሊያዝ የሚችል ነው፣ ጥቂት ብትዘገይ ኖሮ እሱም ያመልጥህ ነበር አሉት። እናቴ ይህን ስትሰማ ኮሪደሩ ላይ አለቀሰች፤ እኔም ስታለቅስ አይቼ አለቀስኩ።

ጥር ላይ ሚኒባሱን አንድ ወጣት ይነዳው ጀመር። አባቴ ማለዳ ተነስቶ ራሱ ያጥበዋል፣ መስታወቱን ይወለውላል፣ ከዚያ ቁልፉን ለወጣቱ አሳልፎ ይሰጣል፤ መኪናው ሲወጣ ደግሞ በር ላይ ቆሞ «ማርሹን አሳበደው» እያለ ያማርራል። በኋላ መናኸሪያው ውስጥ ተራ አስከባሪ ሆነ። የመጀመሪያ ሰሞን ፊሽካውን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ነበር ከቤት የሚወጣው።

ሙሉቀን መነጽሩን የከፈተው በዚያው ጥር ነው። ወደ ግራው መስታወት የሚሄድ ከክር የቀጠነ ሽቦ ላልቶ አገኘና አጥብቆ መለሰው። አምፖሉን አጠፋሁ፣ መነጽሩን አደረግሁ፣ ቀይዋ መኪና ያለ አንዳች ጥቅሻ ከስክሪኑ ወጥታ ወደ ደረቴ መጣችና በእጄ ልይዛት ተንጠራራሁ። ከልቤ ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ሁለት ዓይን የሚፈልገውን ይህን ነገር አባቴ መቼም እንደማያየው ትዝ አለኝና መነጽሩን አውልቄ ለሙሉቀን ሰጠሁት። አዘንኩ፤ እስካሁንም ሳስበው አዝናለሁ።

አሁን እኔ የምኖረውም የምሠራውም ባሕር ዳር ነው፤ ወደ ደብረ ማርቆስ የምሄደው ለበዓል ነው። የከተማው መንገድ በባጃጅ ተሞልቷል። አባቴ ሸምግሏል፣ ጠብታውን ግን እናቴ አንድ ቀን አሳልፋበት አታውቅም፣ ቀኝ ዓይኑም አለ። ባለፈው ጥምቀት አብረን ወደ ገበያ ስንሄድ እኔ ወሬ ይዤ በቀኙ በኩል እየተራመድኩ ነበር። አስፋልቱ ጫፍ ስንደርስ ቆመ፣ እጁን ዘረጋልኝና «ልጄ፣ በግራዬ ሁኚልኝ፣ በዚያ በኩል አላይም» አለኝ፤ ሰዓት የሚጠይቅ ያህል ቀልሎት ነበር የተናገረው። ያኔ ይህችን ቃል ከአፉ ለማውጣት ቄስ መላክ አስፈልጎን ነበር። ዞሬ በግራው ሆንኩ፣ ክንዱን ያዝኩትና ተሻገርን።