«ደምህ ንጹህ ነው» ያልኩት ቀን

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ምስር መልቀም ነው። ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ ቀበና ባለው ቤታችን በረንዳ ተቀምጠን ነበር። ያን ቀን አንድ ነገር ልነግረው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ከአእምሮዬ የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከዚያ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ነው። ባለቤቴ ጡረታ የወጣ የመንገድ ቀያሽ ነበር፤ ሰባ አንድ ዓመቱ። ከሽንት ቧንቧ የተነሣ ኢንፌክሽን ወደ ደሙ ገብቶ ራሱን ስቶ ሆስፒታል ገባ። ዐሥራ ስምንት ቀን ተኝቶ ተነሣ።

ሊወጣ ሲል ደሙን መረመሩት። ከዚያ ወጣቷ ሐኪም ለብቻዬ ጠራችኝ።

«እማማ፣ ኢንፌክሽኑ ጠፍቷል። ግን ደማቸው ውስጥ የምናየው የብግነት፣ የሰውነት መቆጣት፣ ምልክት መውረድ ሲገባው አልወረደም። በእሳቸው ዕድሜ እንዲህ ሲሆን፣ ወራት ቆይቶም ቢሆን በሽታው ሊመለስ፣ ልብም ሊጎዳ ይችላል። ትንበያ እንጂ ፍርድ አይደለም። በየወሩ ለምርመራ ይምጡ። ካንቀጠቀጣቸው ወይም ካተኮሳቸው ግን ወዲያውኑ ያምጧቸው። ይህን ለእሳቸውም ይንገሯቸው።»

እኛ ቤት ለታማሚ ክፉ ወሬ አይነገርም። እናቴም አባቴን ያስታመመችው እንዲሁ ነው። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ «ምን አለችሽ?» ሲለኝ «ደምህ ንጹህ ነው አለች» አልኩት።

«እንግዲያው ሌላ ባል ያሰብሽው ቀረብሽ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የመጀመሪያውን ወር ምርመራ ለምኜው ሄደ። በሁለተኛው ግን «ንጹህ ከሆነ ምን ሊያደርጉት ይቀዱታል?» ብሎ እምቢ አለ።

ምስር በምንለቅምበት ቀን «ነገ እንጦጦ ማርያም ወጥቼ ስለቴን ላደርስ ነው» አለኝ።

«በመኪና ሂድ፤ ይበርድሃል።»

«በእግሬ ነው የተሳልኩት። ደግሞ ንጹህ ነህ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ልነግረው ነበር። ፊቱን አየሁት፤ ደስ ብሎታል። «ጋቢህን ደርብ» ብቻ አልኩት።

በማግስቱ እሱ ወደ እንጦጦ ሲወጣ፣ እኔ አያት ሰፈር ያለችው እህቴ ሐዘን ስለገጠማት እዚያ ሄጄ አደርኩ። አመሻሽ ላይ ስደውልለት «ደህና ነኝ፣ አድርሻለሁ» አለኝ። በነጋታው ቤት ስደርስ ሁለት ብርድ ልብስ ለብሶ ተኝቷል፤ ይቃዣል።

«ከትናንት ጀምሮ ያንቀጠቅጠኛል» አለኝ ነፍሱ መለስ ስትል። «ብርድ መስሎኝ ነው። ሐዘን ላይ ነሽ ብዬ ዝም አልኩሽ።»

ጎረቤት ጠርቼ ወዲያው ሆስፒታል ወሰድነው። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

ያቺው ሐኪም «ቀድመው ቢመጡም ላይተርፉ ይችሉ ነበር» አለችኝ። ልታጽናናኝ ይሁን እውነቷን፣ አላወቅሁም። እኔ የማውቀው ያን ቀን ብርድ መስሎት መተኛቱን ነው። እንዲመስለው ያደረግሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ከአርባው በኋላ ለልጃችን ሁሉንም ነገርኳት። «አባዬ ቢያውቅ ይችለው ነበር እኮ፣ እማዬ» አለችኝ።

አሁን የስኳሬን ምርመራ በየሦስት ወሩ እከታተላለሁ። ውጤቱን ከሐኪም እጅ ራሴ ተቀብዬ፣ ቤት ስገባ ለልጄ አንድም ሳላስቀር አነብላታለሁ።