በደረቅ አሸዋ ላይ ዓሣ ማጥመድ

ልጅ እያለሁ ዓሣ ማጥመድ የተማርኩት ውሃ በሌለበት ወንዝ ውስጥ ነው። የሚስቅ ይሳቅ፣ የድሬዳዋ ልጅ ግን ይገባዋል። ወንዛችን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ነው፤ ከከዚራ ሰፈር ወደ መጋላ ሰፈር የሚሄድ ሰው መሃሉን በእግሩ አቋርጦ ያልፋል።

አባዬ የባቡር መካኒክ ነበር። ፈረንሳዊ አለቃው ወደ አገሩ ሲመለስ ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንጎች ሰጥቶት ሄደ፤ አንዱ ረጅም ነው፣ ሌላው ልጅ የሚችለው አጭር መለማመጃ። በረጅሙ እሁድ እሁድ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከጋራው ሥር ወደሚወርደው ጅረት ይሄድ ነበር። ከዚያ ታመመ። ከሆስፒታል ሲወጣ ቀኝ እጁ አልታዘዝ አለው። ሥራው ቀረ፣ ጅረቱም ቀረ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ይውላል፣ ሰው ሲመጣ እጁን በፎጣ ይሸፍናል። አንድ ቀን እማዬ ለጎረቤታችን ለአዴ ፋጡማ «ሰውዬው ቁጭ ብሎ እያለቀብኝ ነው» ስትላት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የምፈልገው ነገር አንድ ብቻ ሆነ፤ አባዬ ከዚያ ወንበር እንዲነሳልኝ።

አጭሩን ዘንግ ከቁም ሳጥኑ አናት አውርጄ ፊቱ ቆምኩ።

«ይሄ እኮ መለማመጃ ነው፤ ዓሣ አይያዝበትም» አለኝ።

«ታዲያ እኔስ መቼ ዓሣ ልያዝ አልኩ? ልለማመድ ነው እንጂ!» አልኩት። አፌ ድሮም አያርፍም።

ፀሐይዋ በረድ ስትል ወደ አሸዋው ወረድን። በመንጠቆው ቦታ፣ ከክሩ ጫፍ ላይ፣ እማዬ ከሹራቧ የተረፋትን ቀይ ሱፍ አሰረችልን። ሰፌዷንም ሰረቅኳትና አሸዋው ላይ አስቀመጥኩት፤ ሱፉ እዚያ ላይ ማረፍ አለበት። አባዬ በግራ እጁ ክርኔን ይዞ «አትወርውሪው የኔ ልጅ፣ ልቀቂው» ይለኛል። አሸዋው የቀኑን ሙቀት ገና ይተነፍሳል፣ የኒም ዛፍ ሽታ ይመጣል፣ ከመጋላ በኩል አዛን ይሰማል፣ ቀዩ ሱፍ ከራሴ በላይ ቀስ ብሎ ይዞራል። እስከ ዛሬ ዓይኔን ስጨፍን እዚያ አሸዋ ላይ ነኝ። አዴ ፋጡማ በዚያ ስታልፍ «አቦ፣ ዓሣው ሲመጣ ለእኔም አስቀሩልኝ!» ትለናለች።

ሱፉ ሰፌዱን ማግኘት ሲለምድ፣ አንድ እሁድ ጠዋት አባዬ ራሱ «ተነሺ፣ እንሂድ» አለኝ። እማዬ ወደ ጓዳ ገባች። ዓይኗን እንባ ሞልቶት ነበር።

ጅረቱ ጠባብ ነው፤ ቅርንጫፎቹ ከላይ ተደራርበው ውሃውን አረንጓዴ አድርገውታል። «እዚህ ረጅሙ ይጠላለፋል፣ ያንቺው ይሻላል» አለና ቦርሳውን ሲዳብስ ቆይቶ «ውይ! መንጠቆውን ረሳሁት» አለ። እኔ ምን ቸግሮኝ! ሱፉን እንዳለ ለቀቅኩት። ውሃው ላይ አረፈ፣ ትንሽ ሄደ፣ ከዚያ አንዲት የጣት ያህል ዓሣ ብቅ ብላ ጎተተችው። ጮህኩ። ለቀቀችው፣ ተመልሳ ደግሞ ያዘችው።

«የእናትሽን ሹራብ ልትበላው ነው!» ብሎ አባዬ ሳቀ። እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ፎጣው ከእጁ ላይ ወድቆ ነበር፣ አላነሳውም።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ እንሄድ ነበር፤ ሁልጊዜ በሱፍ፣ ሁልጊዜ ያለ መንጠቆ። ዓሣዎቹን ማጫወት የእኔና የእሱ ጨዋታ ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ ባዶ እጃችንን ስንመለስ እንደኛ የተደሰተ ሰው አልነበረም።

ዛሬ አባዬ የለም። እኔ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምውለው፤ ቀኑን ሙሉ ክር በእጄ ነው። አንዳንዴ መርፌ ዓይን ውስጥ ክር ሳስገባ፣ ያን ቀን ጅረቱ ዳር «ረሳሁት» ያለኝ ትዝ ይለኛል። አንዲት የጠፋች ብሎን ሳያገኝ እንቅልፍ የማይወስደው ሰውዬ መንጠቆ አይረሳም። በአንድ እጅ መንጠቆ አይታሰርም፤ አለመቻሉን ልጁ እንድታይበት አልፈለገም። ያኔ ልጅ ነበርኩ፣ አልገባኝም። አሁን ገብቶኛል፣ እጄም ሥራውን ያውቃል፤ «አምጣው አባዬ፣ እኔ ልሰርልህ» የምለው እሱ ግን የለም።