በፌንግ ሹዊ ክፍል የሳልኩት ቤት
ባለቤቴ አገር ቤት ልግባ ማለት የጀመረችው ሱቃችን ከተዘረፈ በኋላ ነው። ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ ለሰፈሩ ሰው ሸቀጥ የምንሸጥባትን፣ ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ ሱቅ ሌቦች በጠራራ ፀሐይ ገብተው አራቆቷት። ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኗ አልዞረም። ጊዜው የኮሮና ስለነበር በረራ ተዘግቷል። እውነቱን ልናገርና በሆዴ ደስ ብሎኝ ነበር፤ እስኪከፈት ሐሳቧን አስለውጣለሁ አልኩ።

ዕቃ የምናመጣበት የቻይኖች ገበያ በር ላይ አንድ ቀን ማስታወቂያ አየሁ፦ ለጎብኚዎች የተዘጋጀ የፌንግ ሹዊ መግቢያ ትምህርት፣ በነጻ። የቤት ዕቃ አቀማመጥ ሲስተካከል ሰላምና እንቅልፍ ይገኛል ይላል። እንቅልፍ የምትለዋን ካነበብኩ በኋላ ሌላውን አላየሁም። ሁለታችንም ጴንጤ ነን፤ እሷ ግን ሃይማኖቷን ታጠብቃለች።

"ጥንቆላ ነው፣ አልሄድም" አለች።

"አልጋና ወንበር ማዟዟር ምኑ ነው ጥንቆላ?" ብዬ እየጎተትኩ ወሰድኳት። ደጃፉ ላይ "በኢየሱስ ስም" ብላ ማስኳን አጥብቃ ገባች።

ተራርቀን ተቀመጥን። አስተማሪዋ በዕድሜ ጠና ያሉ ቻይናዊት ናቸው፤ እንግሊዝኛቸውን ለባለቤቴ እየተረጎምኩላት ነበር። "በር የበጎ ኃይል መግቢያ ነው፣ ክፍት ይሁን" ሲሉ ሳቄን ዋጥኩት። እኛ ዳቦ እንኳ የምንሸጠው በብረት ፍርግርግ በኩል ነው። ከዚያ ወረቀት አደሉንና የምንኖርበትን ቤት እንድንስል አዘዙን።

ስዕል ባልችልም ቤቴን አውቀዋለሁ። ፍሪጁን፣ መደርደሪያውን፣ የበቆሎ ዱቄቱን ቁልል፣ የመሸጫዋን መስኮት፣ ሁሉንም በየቦታው አስቀመጥኩ። አስተማሪዋ አዩና "ይሄ ሱቅ ነው፤ ቤታችሁስ?" አሉኝ።

"የምንኖረው እዚያው ነው፣ ከመደርደሪያው ጀርባ" አልኳቸው።

ባለቤቴ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን አየች።

"እኔ የት ነው የምተኛው?" አለችኝ።

አልጋችንን ረስቼዋለሁ። አራት ዓመት ሙሉ አብረን የተኛንበትን አልጋ! እስክሪብቶውን አንስቼ ላስገባው ብል ቦታ የለም፤ ግድግዳውን ሁሉ በሸቀጥ ሞልቼዋለሁ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። አስተማሪዋ ሌላ ወረቀት ሰጡኝ፤ እሷ ግን "ተወው፣ አትድከም" አለች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለኝ።

ታክሲ ውስጥ እንደ ልማዴ እንዳትሄድ ልለምናት አፌን ከፈትኩና፣ የሁለታችንን ሂሳብ ቆጥሬ ለሹፌሩ አቀበልኩ። ከዚያ ቀን ወዲያ ቅሪልኝ ብያት አላውቅም። በረራ ሲከፈት ሄጄ ትኬቷን የቆረጥኩት እኔው ነኝ።